በጉንዳን ቤት የሚኖረው ድምፅ አልባ ፌንጣ

(በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ለጋዜጣ የቀረበ ንግግር)



ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ከጉንዳን ዘንድ ሄዶ እንዲማር እንደ ላከው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያም ጊዜ ጀምሮ ጉንዳን የትጋት፣ የቁጠባና የማኅበር ኑሮ ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ይኖራል። ትምህርት ቤት ሳለንም በኤሶፕ ተረት ውስጥ በጋውን ሙሉ ሲዘፍን የከረመ ፌንጣ ክረምት በገባ ጊዜ ከጉንዳን ደጅ ቆሞ እህል እንደ ለመነና እንደ ተከለከለ ሰምተናል። ሰሎሞን የላከው ሰነፍ ከጉንዳን ቤት ደርሶ እንደ ሆነ የሚነግረን የለም። ዳሩ ግን ከደጅ ቆሞ መለመን ቀርቶ፣ ከጉንዳን እልፍኝ ገብቶ፣ ከመሶቡ ቀርቦ፣ ከሕፃናቱ መኝታ አጠገብ ተጠግቶ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖር አንድ ፌንጣ በእውነት አለ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ፍጥረት ነው።

ነገሩ ምን ያህል የሚያስደንቅ እንደ ሆነ ለመረዳት አስቀድሞ የጉንዳንን ቤት ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉንዳን ስል ትልቁንም ትንሹንም፣ በየቤታችን ስኳር በተደፋ ቁጥር ሰልፍ ይዞ የሚመጣውን ቁጫጭ ጭምር ማለቴ ነው። ሰልፉን ቆም ብላችሁ ተመልክታችሁት እንደ ሆነ፣ አንዱ ሂያጅ ከአንዱ መጪ ጋራ በተገናኘ ጊዜ ሁለቱም ለቅጽበት ቆመው በጭንቅላታቸው ላይ ባሉት ቀጫጭን ቀንዶች ይዳሰሳሉ፤ ከዚያም በየመንገዳቸው ያልፋሉ። ሰላምታ ይመስላል። ነገር ግን ከሰላምታ ይልቅ በመሥሪያ ቤት በር ላይ የቆመው ዘበኛ የመታወቂያ ወረቀት አሳየኝ ከሚለው ጥያቄ ጋራ ይቀራረባል።

የጉንዳን ቆዳ እጅግ ስስ በሆነ፣ ሰም በሚመስል ቅባት የተለበጠ ነው። ይህ ቅባት ከብዙ ዓይነት ነገር የተደባለቀ ሲሆን፣ ድብልቁ ከአንዱ የጉንዳን ዘር ወደ ሌላው ይለያያል፤ በአንድ ዘር ውስጥ እንኳ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ልኩ አንድ አይደለም። ጉንዳን በጨለማ ውስጥ የሚኖር ስለ ሆነ ዘመዱን የሚለየው በመልክ አይደለም፤ በዚሁ ቅባት ሽታ ነው። ሽታው የቤቱ የሆነ ያልፋል። ሽታው የሌላ የሆነ ግን ይነከሳል፣ ይጎተታል፣ መርዝ ይረጭበታል፣ በመጨረሻም ይቈራረጣል። ከጎረቤት ቤት የመጣ የገዛ ዘሩ ጉንዳን እንኳ ብዙውን ጊዜ ምሕረት አያገኝም። እንግዲህ ይህን ያህል በጥብቅ በሚጠበቅ ቤት ውስጥ፣ በዘርም በመልክም ከጉንዳን ጋራ አንዳች ዝምድና የሌለው ፌንጣ እንዴት ሊኖር ቻለ? ሊቃውንቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲመራመሩበት የኖሩት ጥያቄ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ይህን ፍጥረት በመጀመሪያ በመጽሐፍ ያሰፈሩት ፓንዘር የተባሉ የጀርመን አገር ሐኪም ናቸው፤ ዘመኑም 1799 ነበር። ፓንዘር ከጉንዳን ክምር ውስጥ የተገኘውን ትንሽ፣ ክንፍ የሌለው፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነፍሳት በተመለከቱ ጊዜ የበረሮ ወገን ነው ብለው መዘገቡት። በእርግጥም ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ትንሽ በረሮ ይመስላል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1819 ዓ.ም. ፓውሎ ሳቪ የተባሉ ወጣት ኢጣሊያዊ ተመራማሪ ነገሩን እንደ ገና መርምረው በረሮ ሳይሆን ፌንጣ መሆኑን አስታወቁ። በኋላም በግሪክ ቋንቋ «ጉንዳን ወዳድ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ወጣለት። ፍቅሩ ከአንድ ወገን ብቻ ይሁን ወይስ ከሁለቱም፣ ስሙን ያወጡለት ሰዎች አልወሰኑም።

ዛሬ በዓለም ላይ ከ60 በላይ የሚሆኑ የዚህ ፌንጣ ዓይነቶች ታውቀዋል። በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በአሜሪካና በሌሎችም ክፍላተ ዓለም ይገኛሉ። ብዙዎቹ ርዝመታቸው ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ማለት ከአንድ የስንዴ ቅንጣት ያንሳሉ። በምድር ላይ ካሉት ፌንጦች ሁሉ ታናናሾቹ እነዚህ ናቸው። ዐይኖቻቸው አነስተኛ ናቸው። የኋላ እግሮቻቸው ጭን ግን ከሰውነታቸው ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ወፍራም ስለ ሆነ፣ በተፈለገ ጊዜ ሁሉ እንደ ወስፈንጥር ያስፈነጥራቸዋል። ይህ ጭን ስንት ጊዜ ነፍሳቸውን እንደሚያድን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው ግን ዝምታቸው ነው። ፌንጣ ሲባል በሌሊት ከሣር ውስጥ የምንሰማው ድምፅ ትዝ ይለናል። ያ ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣ አይደለም፤ ወንዱ ሁለቱን የፊት ክንፎቹን አንዱን በሌላው ላይ ሲፈገፍግ የሚወጣ ነው። ሴቲቱም የምትሰማው በፊት እግሮቿ ላይ ባሉት ጆሮዎች ነው። የጉንዳን ቤት ፌንጣ ግን ክንፍ ስለሌለው መሣሪያው የለውም፤ በእግሩም ላይ ጆሮ የለም። ዘመዶቹ ሁሉ በዘፈን የታወቁ ሲሆኑ እሱ ዲዳና ደንቆሮ ሆኖ ይኖራል። ጉንዳን በአየር የሚመጣ ድምፅ የሚሰማበት ጆሮ ስለሌለው እንዳይሰማው ፈርቶ ዝም አለ ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ከመሬት በታች፣ በሚሊ ሜትር በሚቈጠር ስፋት ውስጥ ለሚኖር፣ ሁሉን ነገር በመዳሰስና በማሽተት ለሚያከናውን ፍጥረት የዘፈን ጥቅሙ ምንድን ነው? የማያስፈልገውን ዕቃ ጥሎ እንደሚገባ እንግዳ፣ ክንፉንም ጆሮውንም ከደጅ ጥሎ ገባ ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ይህ እንግዳ በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በትዕግሥት ተመልክተው ከጻፉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የጉንዳን ሊቅ ዊልያም ሞርተን ዊለር ናቸው። ዊለር በዚያን ጊዜ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ ያዩትንም በ1900 ዓ.ም. አሳተሙ። ፌንጣው ከጉንዳኑ ኋላ ወይም ጎን ቀረብ ይልና እግሩን፣ ቀጥሎም ሰውነቱን መላስ ይጀምራል። ጉንዳኑ መጀመሪያ ዝም ይላል። እርስ በርሳቸው መላላስ የጉንዳኖች የዘወትር ልማድ ስለ ሆነ፣ ከወንድሞቹ አንዱ የሚያጸዳው መስሎት እንደ ሆነ ማን ያውቃል። ጥቂት ቈይቶ ግን ይሰለቸዋል፤ ዞር ብሎም መንጋጋውን ይከፍታል። በዚያን ጊዜ ፌንጣው በዚያ ወፍራም ጭኑ ተስፈንጥሮ ያመልጣል። ሩቅም አይሄድም። ጥቂት ርቆ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ከሌላ ጉንዳን ጀርባም ይጠጋል። ጉንዳን ያላለፈበት ሲጠፋ ደግሞ ጉንዳኖች ሲመላለሱ ቅባታቸው የተለጠፈበትን የቤቱን ግድግዳ ይልሳል።

ዊለር ይህን ባዩ ጊዜ ፌንጣው የሚፈልገው ምግብ ነው፣ የጉንዳኑ ቅባት መብሉ ነው ብለው አሰቡ። አሳባቸው ልክ ነበር። ዳሩ ግን ግማሹ ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ የታወቀው ወደ መቶ ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ የጉንዳን ቤቶች ውስጥ የሚኖሩትን ፌንጦች ሰብስበው በቆዳቸው ላይ ያለውን ቅባት በመሣሪያ መረመሩ። የተገኘውም ውጤት እንዲህ ነበር። ከአንድ ቤት የወጣው ፌንጣ ቅባቱ የዚያኑ ቤት ጉንዳኖች ቅባት ይመስላል፤ ከሌላ ዘር ጉንዳን ቤት የወጣው ደግሞ የዚያን ይመስላል። ፌንጣው ከጉንዳኖቹ ተለይቶ ለብቻው በተቀመጠ ጊዜ ያ ቅባት ከሰውነቱ ላይ እየቀነሰ ሄደ። ወደ ሌላ ዘር ጉንዳን ቤት ባስገቡት ጊዜ መጀመሪያ ጥቃት ደረሰበት፤ ከዚያ ጥቃት አምልጦ ከአዲሶቹ ባለቤቶች ጋራ ሲነካካ ከሰነበተ ግን የእነሱን ቅባት ለበሰ።

አሁን የዊለርን ምልከታና ይህን ውጤት አንድ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ፌንጣው የመታወቂያ ወረቀት የለውም፤ ሊሠራውም አይችልም። ከሰውነቱ ውስጥ የሚያመነጨው ሽታ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ካገኘው በኋላ ተዝናንቶ በተቀመጠ ነበር። ነገር ግን የሚያድነው ሽታ የተበደረው ሽታ ነው፤ ብድሩም ይተናል፣ ይፋቃል፣ ያልቃል። ስለዚህ በየቀኑ ማደስ አለበት። የሚያድሰውም ሊገድሉት ከሚችሉት ከእነዚያው ጉንዳኖች ሰውነት ላይ ነው። ፈርቶ ቢርቅ ሽታው እየጠፋ እንግዳነቱ ይገለጣል፤ ደፍሮ ቢጠጋ ደግሞ መንጋጋ ይጠብቀዋል። ሕይወቱ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። እንግዲህ ይህን ፍጥረት ሰነፍ ብሎ መጥራት የሚቻል አይመስለኝም። እህል አይሰበስብም፣ ጉድጓድ አይቈፍርም፣ ሕፃናት አያሳድግም፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም በዚያ ቤት ውስጥ እንደሱ አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይጠነቀቅ ሊያሳልፍ የማይችል ነዋሪ የለም።

እዚህ ላይ፣ ይህ ፍጥረት ለጉንዳኖቹ እንግዳ ነው ወይስ ሌባ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ኤሪክ ቫስማን የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ከጉንዳንና ከምስጥ ጋራ የሚኖሩትን ነፍሳት ሁሉ በዝርዝር መዝግበው፣ ባለቤቶቹ የሚወዷቸው እንግዶች፣ ባለቤቶቹ ችላ የሚሏቸው ተጠጊዎች፣ ባለቤቶቹ የሚያሳድዷቸው ጠላቶች እያሉ በየክፍላቸው ለይተዋቸው ነበር። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ግን ከየትኛውም መደብ የማይገባ አንድ ጉዳይ አይጠፋም። የእኛ ፌንጣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ነው። ቅባት ሲልስ ተጠጊ ይመስላል። ከጉንዳኑ እንቁላልና ከእጩ ሲበላ፣ ይህም በአንዳንዶቹ ላይ ታይቷል፣ ግልጽ ሌባ ነው። ሌላው ደግሞ በባለቤቱ እጅ፣ እንዲያውም በባለቤቱ አፍ የሚጎርስ እንግዳ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ጉርሻው ጥቂት ላብራራ። ጉንዳን ሁለት ሆድ አለው። አንዱ የግሉ ነው፤ ከእሱ ፊት ያለው ሁለተኛው ግን የማኅበሩ ነው ማለት ይቻላል። ከውጭ ያገኘውን ፈሳሽ ምግብ በዚህ በሁለተኛው ይዞ ይመጣና፣ የራበው ወንድሙ አፉን በቀንዶቹና በፊት እግሮቹ ሲነካካው ጠብታውን ከአፉ አውጥቶ ያጎርሰዋል። ጉርሻ በእኛ አገር የፍቅር ምልክት እንደ ሆነ ሁሉ፣ በጉንዳን ዘንድ የማኅበሩ መያዣ ነው። ይህን የአጠያየቅ ምልክት የተማረ ፌንጣ አለ።

የዚህን ነገር ልዩነት በደንብ ያሳየን በ2009 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ነው። ኮማትሱ የተባሉት ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በጃፓን ደቡብ ባሉት ሞቃት ደሴቶች የሚኖሩትን ሁለት ዓይነት የጉንዳን ቤት ፌንጦች ጎን ለጎን አስቀምጠው አነጻጸሩ። ሁለቱ በዘር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በአኗኗር ግን አይገናኙም።

የመጀመሪያው የአንድ ጌታ ሎሌ ነው። እግረ ረጅሟን፣ ያለ ሥርዓት ወዲያና ወዲህ ስለምትሮጥ «ቢጫዋ እብድ» የሚል ስም የተሰጣትን ጉንዳን ብቻ ተጠግቶ ይኖራል። ከእሷ አይሸሽም፤ አጠገቧ ቀርቦ የአፏን አካባቢ ይነካካል፣ እሷም ታጎርሰዋለች። ሰውነቷን ይልሳል፤ ችላ ትለዋለች። በጨለማው ቤት ውስጥ እንደ ልጅ ይመላለሳል። ይህ ሁሉ ምቾት ግን ዋጋ አለው። ከዚህች ጉንዳን አፍ ካልጎረሰ በቀር ራሱን ችሎ መመገብ ይከብደዋል፤ ከሌላ ዘር ጉንዳን ጋራም መስማማት አይሆንለትም።

ሁለተኛው በብዙ ዘር ጉንዳኖች ቤት ይገኛል። ጉርሻ አይጠብቅም፤ አያገኝምም ለማለት ይቻላል። ጉንዳን ሲመጣ ይሸሻል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ከተጣለው ይለቅማል፣ ከሞተ ነፍሳት ይበላል፣ ሲመቸውም ከባለቤቶቹ ምግብ ይሰርቃል። ማንም አይወደውም፤ ሁሉም ያሳድደዋል። ነገር ግን አንዱ ቤት ቢፈርስበት ሌላ ቤት አለው።

ይህን በምናገርበት ጊዜ አንዳንዱ አድማጭ በመሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ሰው ትዝ እንደሚለው እገምታለሁ። እኔ የምናገረው ስለ ነፍሳት ብቻ መሆኑን አስታውቃለሁ።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? መልሱ በፌንጣው ላይ ሳይሆን በጌታው ላይ የተመሠረተ ነው። ቢጫዋ ጉንዳን በአሁኑ ዘመን ኀያል ናት። በመርከብ ጭነት ውስጥ ተደብቃ ከአገር ወደ አገር ተዛምታለች። በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው የክሪስማስ ደሴት ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እጅግ ተባዝታ በደሴቲቱ ላይ የሚኖሩትን ቀይ የየብስ ሸርጣኖች በሚሊዮን የሚቈጠሩ ገድላለች። እንዲህ ያለች ጌታ ያለው ሎሌ ለጊዜው የሚያሰጋው ነገር ያለ አይመስልም። ጌታው የሚደክም ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህም እንዴት እንደሚሆን በፌንጣው ሳይሆን፣ እንደሱ በጉንዳን ቤት በሚያድግ በሌላ ነፍሳት ላይ ደርሶ ታይቷልና ጥቂት ልተርክላችሁ።

በእንግሊዝ አገር «ትልቁ ሰማያዊ» የሚባል ቢራቢሮ አለ። የዚህ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ከእንቁላል ወጥቶ ለጥቂት ሳምንታት ከጦስኝ ዘር አበባ ይበላል፤ ከዚያ ወደ መሬት ይወርዳል። በመሬት ላይ አንዲት ቀይ ጉንዳን ታገኘውና፣ ከቤቷ የወደቀ እጭ መስሏት አንሥታ ወደ ጉድጓዷ ትወስደዋለች። እሱም ከዚያ ወደ አሥር ወር ያህል የእሷን እጮች እየበላ ይቀመጣል። ፌንጣው ይጠነቀቃል፤ ይህ ግን ከነሙሉ ክብሩ ታቅፎ የገባ አጥፊ ነው።

ቢራቢሮው በእንግሊዝ አገር እያነሰ በሄደ ጊዜ ተቈርቋሪዎች ጥፋቱን በሰብሳቢዎች ላይ አሳበቡ፤ ቢራቢሮው የሚገኝበትንም መሬት አጥረው ሰውና ከብት እንዳይገባበት አደረጉ። ቢራቢሮው ግን በታጠረው መሬት ላይ ይባስ ጠፋ። ምክንያቱን ያገኙት ጄረሚ ቶማስ የተባሉ ተመራማሪ ናቸው። ቢራቢሮው የሚተማመነው ከቀይ ጉንዳኖች ሁሉ በአንዲት ዘር ላይ ነበር። ያቺም ዘር ፀሐይ በሚያሞቀው፣ ሣሩ በከብት ተግጦ ባጠረ መሬት ላይ ካልሆነ አትኖርም። ከብቱ ሲከለከል፣ በ1950ዎቹም ዓመታት ጥንቸሎቹ በበሽታ ሲያልቁ፣ ሣሩ ጥቂት ጣት ያህል ረዘመ፤ መሬቱ ቀዘቀዘ፤ ጉንዳኗ ቦታ ለቀቀች። ሌላ ጉንዳን ተተካች፤ ጦስኙም እንደ በፊቱ ያብብ ነበር። ለሚያየው ሰው አንዳች የጐደለ ነገር አልነበረም። በ1979 ዓ.ም. ግን ቢራቢሮው ከእንግሊዝ አገር ፈጽሞ ጠፋ። የጠፋውም ምስጢሩ በታወቀበት ሰዓት፣ ጥቂት ዘግይቶ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ከስዊድን አገር አምጥተው፣ ከብቱንም መልሰው እያስጋጡ እንደ ገና አራቡት፤ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ይገኛል።

ወደ ፌንጣችን እንመለስ። የአንድን ጌታ ሎሌ የሚያሰጋው ምን እንደ ሆነ አሁን ይገባናል። ብዙ ጌታ የሚያፈራርቀውም ከሥጋት ነጻ አይደለም፤ እሱን የሚያሰጋው ግን የዕለት የዕለቱ ነገር ነው።

ስለ አወላለዱም ጥቂት እንበል። በመካከለኛው አውሮፓ የሚኖረው፣ ፓንዘር በበረሮነት የመዘገቡት ያው ፌንጣ፣ በአብዛኛው አገሩ ወንድ የለውም። ሴቶቹ ያለ ወንድ እንቁላል ይጥላሉ፣ ከእንቁላሉም ሴቶች ይወጣሉ። ወንዶች የታዩት በደቡብ በኩል ብቻ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ጥቂት ብቻ ሆነው፣ በጨለማ፣ ሳይዘፍኑና ሳይሰሙ ለሚኖሩ ፍጥረቶች ባልና ሚስት መፈላለግ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ይህ የአወላለድ ዘዴ የሚጠቅማቸው ይመስለኛል። ይህ ግን የራሴ ግምት ነው።

እንቁላሉ ደግሞ ከእናቲቱ ሰውነት ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ ነው። በሣር ውስጥ የሚኖሩት ዘመዶቿ በመቶ የሚቈጠር ትናንሽ እንቁላል ሲጥሉ፣ እሷ ጥቂት ብቻ ትጥላለች። ነገሩን ስናስበው ሌላ ሊሆን የሚችል አይደለም። ከእንቁላል የወጣው ልጅ የሚወጣው በጉንዳኖች መካከል ነው። እናቱ ሽታዋን አታወርሰውም፤ የእሷም ቢሆን የብድር ነውና። ከእንቁላል በወጣበት ቀን የማንም ያልሆነ፣ ምንም መታወቂያ ያልያዘ ሕፃን ነው። ወዲያው ሊሮጥ፣ ወዲያው ሊዘል፣ ወዲያውም ከመጀመሪያው ጉንዳን ጀርባ ሊጠጋ ይገባዋል። ለዚህ ሥራ ጎልበት ያለው ልጅ ያስፈልጋል፤ ጎልበት ላለው ልጅ ደግሞ ትልቅ እንቁላል።

ታዛቢዎች ከጻፉት ውስጥ አንድ የማልዘለው ነገር አለ። ትልልቅ ጉንዳኖች ባሉበት ቤት የሚገኙት ፌንጦች ትልልቅ፣ ትናንሽ ጉንዳኖች ባሉበት ቤት የሚገኙት ደግሞ አነስ ያሉ ሆነው በብዙ ቦታ ታይተዋል። ትንሹ ከትንሽ ቤት ይጀምርና ሲያድግ ወደ ትልቁ ይዛወራል ያሉም አሉ። በሰሜን አሜሪካ የታዩ አንዳንዶቹ ፌንጦች ደግሞ በሌሊት ከቤት ወጥተው የጉንዳኖቹን የመንገድ ሽታ ተከትለው ሲሄዱ ተገኝተዋል። ጉንዳኖች ቤት በሚለውጡበት ጊዜ ንግሥታቸውን፣ እንቁላላቸውንና እጫቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ። ፌንጣውን የሚሸከመው የለም። በገዛ እግሩ መንገዱን እያሸተተ ከኋላ ይከተላል።

በመጨረሻም፣ ይህን ፍጥረት በዐይናቸው ለማየት የሚሹ ወደ አውሮፓ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ የሚሄዱ አድማጮች ቢኖሩ፣ አፈላለጉ ቀላል ነው። በፀደይ ወራት፣ ፀሐይ የምታሞቀውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀስ አድርጎ ማንሣት ነው። ከሥሩ ጉንዳኖቹ እንቁላላቸውንና እጫቸውን አንሥተው ሲራወጡ ይታያሉ። ዐይን ጉንዳኖቹን መከተል የለበትም። ከእነሱ መካከል አንዲት ቡናማ ነጥብ ከሌሎቹ በተለየ ፍጥነት፣ ቀጥ ብላ ሳይሆን እየጠማዘዘች ወደ ቅርቡ ቀዳዳ የምትሮጥ ብትታይ፣ እሷ ናት። የምትታየው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን እንደ ነበረ አድርጎ፣ ጉንዳኖቹን ሳይጨፈልቁ መልሶ ማኖር ያስፈልጋል፤ ከሥሩ ያሉት ባለቤቶቹ ብቻ አይደሉምና።